ጉልበትዎ መሪውን ሲነካ

ከጣርማ በር ዋሻ በደብረ ሲና አድርጎ ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ ሰው ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ተነሥቶ 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ያርፋል። በዚያ ቁልቁለት ሥራ የሚበዛበት እግር ነው፤ ማርሽ ለመቀነስ ፍሪሲዮን፣ ቀጥሎ ፍሬን፣ ደግሞ ፍሪሲዮን። ሾፌሩ አንድ ሜትር ከዘጠና ሆኖ መኪናው አሮጌ ቮልስ ወይም ላዳ ከሆነ ጉልበቱ ከመሪው ሥር ይቀረቀራል፣ ፍሬን ለመያዝም ይዘገያል። ስለዚህ ነገሩ የምቾት ብቻ አይደለም።

ብዙ ሰው ቮልስን ትንሽ መኪና ይላታል። ከውጭ ለሚያያት ልክ ነው። ነገር ግን ሞተሯ ከኋላ ስለሆነ ከፊት እግር የሚዘረጋበት ቦታ አላት፤ ጣሪያዋም ጎበጥ ብሎ ራስ ላይ ከፍ ይላል። ቁመቷ 1.50 ሜትር ነው፤ ላዳ 2101 ደግሞ 1.44 ሜትር። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ጃንሆይን ከቤተ መንግሥት ይዛ የወጣችው ቮልስ በተነሣች ቁጥር የሚወራው ስለ ኋላ ወንበሯ ነው፤ ረጅም ሰውን የምታስደስተው ግን በፊተኛው ነው። ላዳ የፊያት 124 ልጅ ናት። የዚያን ዘመን የጣሊያን መኪና እጁ ለረዘመ፣ እግሩ ላጠረ ሰው የተሠራ ይመስላል፤ ፔዳሉ ቅርብ፣ መሪው ሩቅ። እግርዎ እንዲመቸው ወንበሩን ወደ ኋላ ሲገፉት እጅዎ መሪው ላይ ለመድረስ ይቸገራል።

ጋራዥ ከመሄድዎ በፊት ቁመትዎን ሳይሆን አቀማመጥዎን ያስለኩ። ግድግዳ ተደግፈው ወለል ላይ ቁጭ ይበሉ፤ ሰው ከወለሉ እስከ አናትዎ፣ ቀጥሎም ከጀርባዎ እስከ ጉልበትዎ ይለካልዎ። ቆመው እኩል የሆኑ ሁለት ወንድማማቾች ሲቀመጡ አንዱ በአራት ጣት ሊበልጥ ይችላል። ወገቡ የረዘመ ሰው ጠቡ ከጣሪያው ጋር ነው፣ እግሩ የረዘመ ደግሞ ከመሪው ጋር። መድኃኒታቸውም ለየቅል ነው።

ለጣሪያው ችግር መጀመሪያ የሚነሣው ትራስ ነው። በይፋት ሙቀት ፕላስቲክ ልባስ ያለው ወንበር ስለሚያቃጥል ሾፌሩ ትራስ ወይም የበግ ለምድ ይደርብበታል፤ ያ ሁሉ ከራሱ በላይ ካለው ቦታ ላይ የሚቀነስ ነው። በስስ የጥጥ ጨርቅ ይተኩት። ቀጥሎ ስፖንጁን ይዩ። አሮጌ ወንበር ሲታደስ ወንበር ሰፊዎች ወፍራም ስፖንጅ ማስገባት ይወዳሉ፤ ደንበኛው እጁን ጫን አድርጎ ሲሞክረው ደስ ስለሚለው መሰለኝ። ከመቀመጫው በስተኋላ በኩል እንዲቀነስልዎ ይንገሯቸው፣ ከጭን ሥር ያለው ግን ይቆይ፤ እሱ ካነሰ ደብረ ብርሃን ሳይደርሱ እግርዎ ይደነዝዛል።

ከጣሪያ ጋር የተጣላው የኛ ሾፌር ብቻ አይደለም። 1.93 ሜትር የነበረው አሜሪካዊው ተወዳዳሪ ዳን ገርኒ እ.ኤ.አ. በ1967 ከኤ. ጄ. ፎይት ጋር የለ ማንን የመኪና ውድድር ሲያሸንፍ፣ የነዳው ፎርድ ጣሪያ ለራስ ቁሩ ሲባል እንደ እባጭ ወደ ላይ ተነፍቶለት ነበር። እርስዎ ግን ጣሪያ ላይ መዶሻ አያስነሡ፤ መኪና ሲገለበጥ የሚያተርፍዎ እሱ ነው።

የእግሩ ችግር የሚፈታው በወንበሩ ሐዲድ ነው። ጠንካራ ብረት ተቀጥሎለት ወንበሩ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ሊሄድ ይችላል። ሆኖም ምንጣፉን አስነሥተው ወለሉን በዓይንዎ ይዩት። ዝገት የበላው ላሜራ ላይ የተበየደ ወንበር ድንገት ፍሬን ሲያዝ ሰውየውን ይዞ ይነቀላል። ብሎኑ ዋናው ይሁን፣ ዳዶውም በንዝረት የማይላላ። መሪውን በትንሽ መቀየርም ጉልበትን ያሳርፋል፤ ግን እነዚህ መኪኖች የመሪ አጋዥ ስለሌላቸው በቆሙበት ሲያዞሩት ክንድዎ ይፈርድብዎታል።

ጭነትም ቦታ ይሻማል። ከሾፌሩ በስተጀርባ የተቀመጠ የማሾ ጆንያ ወንበሩን ወደ ፊት ስለሚገፋ ያገኙትን ቦታ መልሶ ይወስድብዎታል። ወደ ቀኝ ላዛውረው ካሉ ደግሞ ይጠንቀቁ፤ የቮልስ ባትሪ በቀኝ በኩል ከኋላ ወንበር ሥር ነው። የወንበሩ ሽቦ በክብደቱ ጎብጦ የባትሪውን ራስ ከነካ እሳት ይነሣል። የባትሪው ክዳን ከጠፋ በወፍራም ጎማ ይሸፍኑት። ጫማም አይርሱ፦ በረባሶ ሰፊና ወፍራም ስለሆነ ጉልበትን ከፍ ያደርጋል፣ ሁለት ፔዳልም አንድ ላይ ይረግጣል።

ሁሉ ተስተካክሎ ሲያልቅ መኪናው ቆሞ ይሞክሩት። ጀርባዎ ከመደገፊያው ሳይላቀቅ ፍሪሲዮንና ፍሬን እስከ መጨረሻው ይርገጡ፤ መሪውን እስኪገታ በሁለቱም ወገን ያዙሩ። በራስዎና በጣሪያው መካከል አራት ጣት ይግባ። ሳያጎነብሱ ከፊት ያለውን ዳገት እስከ ጫፉ ማየት ይቻል። ከዚያ ከሮቢት እስከ ጀወሃ ደርሰው ይመለሱ፤ ቀጥሎ ወደ ደብረ ሲና ጥቂት ወጥተው ቁልቁል ይውረዱ።

ገና ሊገዙት ላሰቡት መኪናም ፈተናው ይኸው ነው፤ ፍሬን ሲይዙ ጉልበትዎ መሪውን ከነካ አይግዙት። ሻጩ «ትለምደዋለህ» ቢልዎም ቁልፉን ይመልሱለት።