የጃፓን ቋንቋና ባህል ጥናት

ሀ. ከማንበባችሁ በፊት
የሚከተሉትን ጥያቄዎች በቡድን ተወያዩባቸው።
1. የአንድን አገር ቋንቋ ሳያውቁ ስለዚያ አገር በሚገባ ማወቅ ይቻላልን?
2. ስለ ጃፓን ምን የምታውቁት ነገር አለ?

ለ. ምንባብ

በመተማ፣ በገዳሪፍ ወይም በፋው አካባቢ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ዐረብኛን ከገበያና ከጎረቤት እየሰማ ይለምዳል። ፊደሉን ሳይቆጥር መሸጥና መግዛት፣ ሰላምታ መስጠትና መሰናበት ይችላል። የሩቅ አገር ቋንቋ ግን እንዲህ በቀላሉ አይገኝም። ጃፓንኛን ለማወቅ የሚሻ ሰው መምህር ፈልጎ፣ መጽሐፍ ገልጦ፣ ብዙ ዓመት ደክሞ መማር አለበት። ታዲያ ይህን ያህል ድካም ስለምን ያስፈልጋል?

መልሱን ከገዛ ታሪካችን እናገኘዋለን። ጃፓን፣ እ.ኤ.አ. በ1868 የሜጂ ዘመን ከጀመረ ወዲህ፣ በጥቂት ዐሥርተ ዓመታት ውስጥ በኢንዱስትሪ፣ በትምህርትና በጦር ኃይል በረታች። ለአገራቸው ለውጥ ይመኙ የነበሩ ኢትዮጵያውያን ምሁራንም አርአያ አደረጓት። በ1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1889 ከወጣው የጃፓን ሕገ መንግሥት ብዙ ወስዷል። በ1924 ዓ.ም. የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ጃፓንን ጎብኝተው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተሰኘውን መጽሐፍ አሳተሙ። ከበደ ሚካኤልም በ1946 ዓ.ም. «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» የተባለውን መጽሐፍ ለአንባብያን አቀረቡ።

ይሁን እንጂ አድናቆት ብቻውን ዕውቀት አይሆንም። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ኢትዮጵያን በወረረች ጊዜ በርካታ ጃፓናውያን ለኢትዮጵያ ተቆርቁረው ነበር። መንግሥታቸው ግን የራሱን ጥቅም አስቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1936 መገባደጃ ላይ የጣሊያንን ድል ተቀበለ። ይህ ጃፓንን እንደ እውነተኛ ወዳጅ ይቆጥሩ ለነበሩት ሁሉ መራራ ትምህርት ነበር። የአንድን አገር ጋዜጣ ማንበብ፣ ሕዝቡ እርስ በርሱ የሚከራከርበትንም ማዳመጥ የማይችል ሰው ወዳጁን ከማዶ እንደሚመለከት ሰው ነው፤ ቁመናውን ያያል እንጂ የልቡን አያውቅም።

ጃፓንኛን የሚያጠና አማርኛ ተናጋሪ ብዙ እንግዳ ነገር ያጋጥመዋል። ቋንቋው የሚጻፈው በሦስት ዓይነት የጽሕፈት ምልክቶች ነው። ሂራጋናና ካታካና የሚባሉት እያንዳንዳቸው 46 መሠረታዊ ምልክቶች አሏቸው። እነዚህም በአብዛኛው፣ እንደ እኛ ፊደል፣ ተነባቢንና አናባቢን በአንድነት ይይዛሉ። ሆኖም በእኛ ዘንድ «ኩ፣ ኪ፣ ካ» ሲጻፉ ቅርጻቸው ሲዛመድ፣ በጃፓንኛ ፈጽሞ በማይመሳሰሉ ምልክቶች ይጻፋሉ። ሦስተኛው ካንጂ ከቻይና የተወሰደ ነው። ለዘወትር ጽሑፍ የተመደቡት ካንጂዎች ብቻ 2,136 ስለሆኑ ተማሪውን ይበልጥ የሚያደክሙት እነርሱ ናቸው።

በአንጻሩ ለአማርኛ ተናጋሪ የሚቀርብ ነገርም አለ። «ዋታሺ ዋ ሚዙ ኦ ኖሚማስ» ማለት «እኔ ውኃ እጠጣለሁ» ማለት ነው። በሁለቱም ቋንቋዎች ግሡ በዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ይመጣል። አማርኛ «አንተ»ንና «እርስዎ»ን እንደሚለይ ሁሉ፣ ጃፓንኛም ለመምህር፣ ለአለቃና ለእንግዳ ሲነገር ግሡን ይለውጣል። ከዚህም አልፎ ተናጋሪው ራሱን ዝቅ የሚያደርግበት ግሥ አለው። ጃፓናውያን ማዕድ ሲቀርቡ «ኢታዳኪማስ» ይላሉ፤ ትርጉሙም «በትሕትና እቀበላለሁ» እንደ ማለት ነው። ስለዚህ ግሡን የሚያጠና ተማሪ ባህሉንም አብሮ ያጠናል።

ጃፓናውያንም ራሳቸው በዚህ መንገድ አልፈዋል። የቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1877 በተቋቋመ ጊዜ ብዙው ትምህርት የሚሰጠው በውጭ አገር መምህራንና በባዕድ ቋንቋ ነበር። ምሁራኑ ግን የቀሰሙትን ዕውቀት ወደ ቋንቋቸው መለሱት። ለምሳሌ ኒሺ አማኔ የተባሉት ምሁር ፍልስፍናን «ቴትሱጋኩ» ብለው ሰየሙት፤ ቃሉም እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ከጊዜ በኋላ የጃፓን ምሁራን ፊታቸውን ወደ እኛም አገር መልሰው ባህላችንን ማጥናት ጀመሩ። በ1990 ዓ.ም. 13ኛው ዓለም አቀፍ የኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤ የተካሄደው በጃፓን፣ በኪዮቶ ከተማ ነው።

እንግዲህ ጃፓንኛን በዩኒቨርሲቲ የሚያጠና ኢትዮጵያዊ ሁለት አደራ አለበት። አንደኛው ያን አገር በሌላ ሰው አንደበት ሳይሆን በራሱ ጆሮ መስማት ነው። ሁለተኛው የሰማውን በጠራ አማርኛ ለወገኑ ማድረስ ነው። ሁለተኛው ከጎደለ የአንደኛው ጥቅም በተማሪው ዘንድ ብቻ ይቀራል።

ሐ. መልመጃ አንድ
የሚከተሉት ቃላት በምንባቡ ውስጥ ያላቸውን ፍቺ ስጡ፤ በዐረፍተ ነገርም አስገቧቸው።
1. አርአያ   2. ተቆርቁረው   3. ከማዶ   4. የቀሰሙትን   5. አደራ

መ. መልመጃ ሁለት
ምንባቡን መሠረት በማድረግ መልሱ።
1. «አድናቆት ብቻውን ዕውቀት አይሆንም» የተባለው ስለምንድን ነው?
2. የአማርኛንና የጃፓንኛን አንድነትና ልዩነት በሠንጠረዥ አሳዩ።
3. ጃፓናውያን ምሁራን ከውጭ የቀሰሙትን ዕውቀት ምን አደረጉት?

ሠ. መልመጃ ሦስት
በአካባቢያችሁ ከሚነገሩት ቋንቋዎች አንዱን መርጣችሁ፣ ያን ቋንቋ ማወቅ ስለ ተናጋሪዎቹ ባህል ምን እንደሚያስተምር በሁለት አንቀጽ ጻፉ።