ድብ አደን ለሚያስብ የሺፍት ሠራተኛ

«ጋሼ፣ ሞንታና ሄጄ ድብ ማደን አምሮኛል፤ ከምን ልጀምር?» አለኝ ባለፈው ሰሞን ኤርፖርት ካርጎ የሚሠራ ልጅ። ኢስት ፖይንት ማርታ ጣቢያ ባቡር እየጠበቅን ነበር። ባቡሩ ቶሎ ደረሰና መልሴን አቋረጠው። ቀሪውን ለእሱም ለመሰሎቹም እዚህ ልጻፈው።

ከሁሉ በፊት ስጋውን ማን እንደሚበላው ወስን። ድብ አያመሰኳም፣ ሰኮናም የለው፤ በኦርቶዶክሱ ቤት አይበላም። ክራንቻ ያለው አውሬ ነውና በሙስሊሙም ቤት እንዲሁ። አገር ቤት ድሮ አንበሳ የጣለ ግዳዩን ይዞ ይፎክር ነበር፤ ስለ ስጋው የሚጠይቀው አልነበረም። እኔ ግን ለፉከራ ብቻ የሚተኩስ ሰው አላግዝም። የሚበላ የሥራ ባልደረባ ካለህ ስንት ኪሎ እንደሚወስድ፣ ፍሪዘሩ ቦታ እንዳለው ሳትወጣ ጠይቀው። እሸጠዋለሁ ብለህ አታስብ፤ ክልክል ነው። ወሳጅ ካጣህ ሐሳብህን ወደ አጋዘን አዙር፤ ስለ አስተራረዱ ደግሞ የንስሐ አባትህን ወይም ሼኽህን አማክር።

ቀጥሎ ወረቀት። መሣሪያ ከመግዛትህ፣ ከመዋስህም በፊት የመኖሪያ ሁኔታህን ተመልከት። ሌላ የሕግ እገዳ ከሌለበት ዜጋም ግሪን ካርድ ያለውም ይፈቀድለታል። በተማሪ ወይም በጉብኝት ቪዛ ለገባ ግን የፌዴራሉ ሕግ በመሠረቱ ይከለክላል፤ የአደን ፈቃድ ላለው ባለ ቪዛ ልዩ ሁኔታ አለ። ያለ ሕጋዊ ወረቀት ያለ ሰው መሣሪያ መያዙ ወንጀል ነው። ጉዳይህ ገና ካላለቀ ጠበቃህን ሳትጠይቅ የጓደኛህን ጠመንጃ ለፎቶ እንኳ አትንካ። የስንት ዓመት ጥበቃ በአንድ ፎቶ እንዲበላሽብህ አልፈልግም።

እኛ ባለንበት በጆርጂያ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1961 ወዲህ የተወለደ ሁሉ የአዳኝነት ትምህርት መውሰድ አለበት፤ በኢንተርኔት ይሰጣል። ከዚያ የአደን ፈቃድና የቢግ ጌም ፈቃድ ታወጣለህ፤ የግዳይ መመዝገቢያው በነፃ ነው።

ሞንታና ትቆይ። እዚያ ጥቁሩን ድብ በሕግ ከሚጠበቀው ግሪዝሊ መለየት እንደምትችል ሳታስመሰክር ፈቃድ አይሸጥልህም። በጆርጂያ ግሪዝሊ የለም። በ1936 የተከለለው የቻታሁቺ ብሔራዊ ደን፣ በጆርጂያ 400 ዳሎኔጋን አልፈህ ስትወጣ፣ ከኢስት ፖይንት ሁለት ሰዓት ያህል ነው። አገር ቤት የባሌና የአርሲ ደጋ አጋዘን አደን ብዙ ዶላር ለሚከፍል የውጭ እንግዳ ነው። እዚህ ሳህን አጣቢውም ሐኪሙም በአንድ ዓይነት ፈቃድ አንድ ሸንተረር ላይ ይወጣሉ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል።

ብዙ ሰው ኦፉን ሁሉ ለአደኑ ቀን ያጠራቅማል። ግማሹን ለፍለጋ አውጣው፤ ጠመንጃ ሳትይዝ እየተራመድክ ዛፍ እይ። በመጸው ድብ ለክረምቱ ስብ ስለሚያጠራቅም የኦክ ፍሬ ካለበት አይጠፋም። የነጭ ኦክ ቅጠል ዳሩ ክብ ክብ ነው፤ የቀዩ ጫፉ ሹል ነው። የነጩ ፍሬ በአንድ ዓመት ይደርሳል፣ የቀዩ ሁለት ዓመት ይፈጃል። ስለዚህ የዘንድሮ ውርጭ ነጩን ቢያመክነውም በቀዩ ላይ ፍሬ ልታገኝ ትችላለህ። አዲስ የተሰበረ ቅርንጫፍ፣ ግንድ ላይ የጥፍር ጭረት፣ የፍሬ ቅርፊት ያለበት እዳሪ ካየህ ቦታውን ስልክህ ካርታ ላይ ምልክት አድርግ። ካርታውን ቤትህ ሳለህ አውርደው፤ ተራራው ላይ ኔትወርክ ይጠፋል።

የድብ አፍንጫ ከዓይኑ ይበልጣል። ፀሐይ ተራራውን ስታሞቀው ነፋሱ ወደ ላይ ይወጣል፤ አመሻሹ ላይ ሲቀዘቅዝ ወደ ታች ይወርዳል። ፀሐይ ከሞቀች በኋላ ከፍሬው በላይ፣ ማታ ከፍሬው በታች ተቀመጥ።

ድቡን ስታየው አትቸኩል። ልጆቿን የያዘች እናትም፣ ከ75 ፓውንድ ማለትም ከ34 ኪሎ በታች የሆነም አይገደልም፤ ልጆቹ ዛፍ ላይ ሊሆኑ ይችላሉና ቆይተህ ዙሪያውን እይ። በምግብ አባብሎ መግደልም ክልክል ነው። በጠመንጃ ወቅት ከወገብ በላይ ቢያንስ 500 ስኩዌር ኢንች ደማቅ ብርቱካናማ ልብስ ግዴታ ነው። ደብሊው ኤም ኤ የሚባሉት የዱር እንስሳት ማስተዳደሪያ ቦታዎች የየራሳቸው ቀን ስላላቸው የዓመቱን ደንብ አንብብ። የገደልከውን በ24 ሰዓት ውስጥ ታስመዘግባለህ።

አሁን ወደ ስጋው ልመለስ። መስከረም በጆርጂያ ይሞቃል፣ የድብ ስብና ጠጉር ደግሞ ሙቀት ይይዛል፤ ወዲያው ካልገፈፍከው ይበላሻል። ብቻህን ከሆንክ ከመኪናህ ከአንድ ማይል በላይ አትራቅ። መኪናው ውስጥ በረዶ የሞላ ትልልቅ ኩለር ይጠብቅህ። ለሚበላው ሰው ደግሞ ውስጡ 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስኪደርስ እንዲያበስለው ንገረው፤ ትሪኪኔላ የተባለውን ጥገኛ ትል ፍሪዘር ላይገድለው ይችላል።

መከታተል፣ መግፈፍና መሸከም ሌሊቱን ሊፈጅ ይችላል። ማክሰኞ ጠዋት ሺፍት ካለህ ሰኞ ከሰዓት በኋላ አትተኩስ።