ከሞተር ነፃ የብስክሌት ጉዞ በመንዝ ጓሳ፦ ዳገት፣ ቀይ ቀበሮ እና የቄሮ ሥርዓት

በኢትዮጵያ ስለ ብስክሌት መንገድ ሲወሳ አሳብ ወዲያው ወደ ከተማ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2018 መገባደጃ የተጀመረው «መንገድ ለሰው» ጎዳናዎችን ለጥቂት ሰዓታት ለእግረኛና ለብስክሌት ያስረከበው በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2029 የሚዘልቀው አገራዊ የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂም በይበልጥ የሚያተኩረው በከተማ ነዋሪ የዕለት ጉዞ ላይ ነው። በደጋማው ገጠር ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። እዚያ ከሞተር ነፃ የሆነ መንገድ ብርቅ አይደለም፤ ብርቁ ሞተር የሚሄድበት መንገድ ነው። ስለዚህ በመንዝ ጓሳ ለተጓዥ ብስክሌተኛ የሚሆን መስመር ይታሰብ ቢባል፣ ጥያቄው መኪናን ከመንገዱ ስለ ማራቅ አይሆንም፤ የትኛው የእግር መንገድ ጎማ እንደሚችልና ጎማ እንዲያልፍበት ለመፍቀድ ሥልጣኑ የማን እንደሆነ መለየት ይሆናል።

ምድሩ

የመንዝ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ በግምት ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ የተዘረጋ፣ ስፋቱ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ውርጫም ደጋ ነው። ስሙን ያገኘው ለቤት ክዳንና ለገመድ ከሚውለው የጓሳ ሣር ነው። በምሥራቅ በኩል መሬቱ በድንገት ተገምሶ ወደ አዋሽ ተፋሰስ ይወርዳል፤ በምዕራብ የሚመነጩት ጅረቶች በጀማ በኩል ለዓባይ ይገብራሉ። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃንን አልፎ ጣርማ በር ሲደረስ ዋናው መንገድ በጣሊያን ወረራ ዘመን በተፈለፈለው ዋሻ ሾልኮ ወደ ደብረ ሲና ይዘልቃል። የመንዙ መንገድ ግን ከዋሻው በፊት ወደ ሰሜን ተገንጥሎ፣ በመዘዞ በኩል ጓሳን አቋርጦ ወደ መሐል ሜዳ ያመራል። በጓሳ ላይ የተሽከርካሪ ድርሻ በዋናነት ይኸው መስመር ነው። ከዚያ ግራና ቀኝ ያለው የእግር፣ የአህያና የከብት መንገድ ነው።

የዳገት ስሌት

ተጓዥ ብስክሌተኛ ማለት ልብሱን፣ ውኃውንና ስንቁን በብስክሌቱ ላይ የጫነ ሰው ነው። ሰውየው፣ ብስክሌቱና ጭነቱ በድምሩ 100 ኪሎ ግራም ይሁኑ እንበል። ይህን ክብደት 100 ሜትር ወደ ላይ ለማውጣት 98 ኪሎ ጁል ያህል ጉልበት ያስፈልጋል፤ መንገዱ ቢያጥርም ቢረዝምም ይህ ቁጥር አይለወጥም። ከርዝመቱ ጋር የሚጨምረው ጎማው ከጠጠርና ከአፈር ጋር ሲታገል የሚባክነው ነው። የመንከባለል ተቃውሞው ልክ 0.012 ተብሎ ቢወሰድ በእያንዳንዱ ሜትር 12 ጁል ገደማ ይባክናል። በ3,400 ሜትር ከፍታ የአየር ግፊቱ ከባሕር ወለሉ ሁለት ሦስተኛ ያህል በመሆኑ፣ በቆላ 150 ዋት ለረጅም ጊዜ መስጠት የሚችል እግር እዚህ 120 ዋት ይሰጣል ብሎ ማሰብ ከእውነቱ የራቀ አይሆንም። ነፋስ በስሌቱ አልገባም፤ ጓሳን የሚያውቅ ሁሉ ይህ ለብስክሌተኛው የተደረገ ቸርነት መሆኑን ይረዳል።

በዚህ መነሻ አንድ መቶ ሜትር ከፍታ በ12 በመቶ ዳገት ለመውጣት 15 ደቂቃ፣ በ8 በመቶ 16 ደቂቃ፣ በ3 በመቶ ደግሞ 19 ደቂቃ ይፈጃል። የመንገዱ ርዝመት ግን ከ830 ሜትር ወደ 3.3 ኪሎ ሜትር ያድጋል። መንገዱ አራት እጥፍ ረዝሞ የተጨመረው ጊዜ አራት ደቂቃ ብቻ ነው ማለት ነው። ፍጥነቱ ሲታይ ልዩነቱ ይበልጥ ይጎላል፦ በ12 በመቶ ዳገት በሰዓት 3.3 ኪሎ ሜትር፣ በ8 በመቶ 4.8፣ በ3 በመቶ ከ10 በላይ። በሰዓት ሦስት ኪሎ ሜትር የሚሄድ የተጫነ ብስክሌት በጠጠር ላይ ሚዛኑን አይጠብቅም፤ ሰውየው ወርዶ ይገፋል። አቋራጩ ጊዜ አያተርፍም፣ መጋለቢያነቱን ግን ያሳጣል።

ስፔን እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ የተተዉ የባቡር ሐዲዶችን ወደ እግረኛና ብስክሌት መንገድ ስትለውጥ በተራራማ አውራጃዎቿ ሳይቀር የተሳካላት በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው። ባቡር ዳገት ስለማይደፍር መሐንዲሶቹ ተራራውን እየዞሩ ለስላሳውን መስመር አስቀድመው ፈልገውታል። መንዝ እንዲህ ያለ ውርስ የለውም። ለዚያ የሚቀርበው ከዳገቱ ጎን ለጎን፣ ከፍታውን ሳይለቅ የሚሄደው የጫኝ መንገድ ነው፤ እርሱም ቢሆን በየመካከሉ በጎርፍ ተቦርቡሯል።

ግሼና መርሐቤቴ ላይ ስሌቱ ፊቱን ያዞራል። እንደ ጀማና ወንጪት ያሉ ወንዞች የቆፈሩትን ሸለቆ ለመሻገር አንድ ሺሕ ሜትር ወርዶ አንድ ሺሕ ሜትር መውጣት ቢያስፈልግ፣ በ3 በመቶ ዳገት መውጫው ብቻ 33 ኪሎ ሜትርና ከሦስት ሰዓት በላይ ይሆናል። ሦስቱን አገሮች በአንድ የብስክሌት መስመር የማያያዝ አሳብ በካርታ ላይ ያምራል እንጂ ለተራ ተጓዥ አይሆንም። በሸለቆው ላይ ብስክሌቱን በአውቶቡስ ፖርቶመጋላ ማሳለፍ፣ ጉዞውን በደጋው ላይ ብቻ መወሰን ይሻላል።

ነፃነቱ ከማን ነው?

ከሞተር ነፃ የሆነ መንገድ ባዶ መንገድ አይደለም። በገበያ ቀን ገብስ የጫኑ አህዮች፣ የመንዝ በጎች፣ በቅሎ የተቀመጡ ሽማግሌዎች ይሄዱበታል። ድምፅ ሳያሰማ ቁልቁል የሚወርድ ብስክሌት የተጫነ እንስሳ ቢያስደነግጥ ጉዳቱ በገበሬው ንብረት ላይ ነው። የእረኛ ውሾችም ብስክሌት ያሳድዳሉ። የቤት ውሻ ደግሞ ለቀይ ቀበሮ የእብድ ውሻ በሽታ አስተላላፊ ስለሆነ፣ ውሾችን እየሳበ ወደ ጥብቁ ሥፍራ የሚያስገባ መስመር ጣጣው ከብስክሌተኛው እግር ያልፋል።

ከሁሉ የከበደው ጉዳይ ግን ጭላዳ ነው። በዓለም ላይ ከ500 ያነሱ ቀይ ቀበሮዎች ሲኖሩ ጓሳ ከጥቂት መኖሪያዎቻቸው አንዱ ነው። ቪቬክ ቬንካታራማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት የጓሳ ጥናት፣ ቀበሮዎቹ በሚግጡ ጭላዳዎች መካከል ሆነው አይጥ ሲያድኑ ከሙከራቸው 67 በመቶው ሲሳካ፣ ብቻቸውን ሲሆኑ የተሳካላቸው 25 በመቶው ብቻ ነው። ጭላዳዎቹ ቀበሮው ሲቀርባቸው አይሸሹም፤ ቀበሮውም ግልገሎቻቸውን አይነካም። ይህ መተማመን በዝግታ የሚገኝ ነገር ነው። ጭላዳ ሲደነግጥ ወደ ገደል ይሮጣል፤ በገደሉ አፋፍ፣ መልክዓ ምድሩ እጅግ በሚያምርበት ቦታ፣ ድንገት ብቅ የሚል ብስክሌት መንጋውን ሲበትን ቀበሮውንም ከአደኑ ያፈናቅላል። በእግር የሚሄድ ጎብኚ ከሩቅ ይታያል፣ ቀስ ይላል። ብስክሌት ጭስ ስለሌለው ብቻ ጉዳት የለውም የሚለው አስተያየት እዚህ ላይ ይሰናከላል።

እንግዲህ ለተጓዡ ዓይን የሚመረጠው የምሥራቁ አፋፍ ለጎማ መዘጋት አለበት ማለት ነው። ብስክሌቱ በምዕራቡ ዳርቻ፣ ወደ እርሻውና ወደ መንደሩ በተጠጋው የጫኝ መንገድ ይሂድ፤ አፋፉን ማየት የሚሻ ብስክሌቱን አቁሞ በእግሩ ይሂድ። ይህ ለቱሪዝም ገበያ የሚስብ ምክር እንዳልሆነ ግልጽ ነው።

ፈቃዱ

ጓሳ ባለቤት አልባ ሜዳ ሆኖ አያውቅም። ዘለዓለም ተፈራና ናይጀል ሊደር-ዊሊያምስ እ.ኤ.አ. በ2005 እንዳሳዩት፣ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሥፍራው በቄሮ ሥርዓት ይጠበቅ ነበር። የአስቦና የጌራ ዘሮች በአጽመ ርስት መብታቸው ይጠቀሙበታል፤ የመረጡት አባ ቄራ ሣሩን እንደ ዕድገቱ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይዘጋዋል፤ ሲደርስም መከፈቱ በቤተ ክርስቲያን፣ በገበያና በቀብር ላይ ይነገራል። የ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ የርስቱን መሠረት ሲያፈርስ ቄሮም አብሮ ፈረሰ። ገበሬዎቹ ግን በየቀበሌ ማኅበራቱ ተወካዮች የጓሳ ኮሚቴን አቋቋሙ፤ ኋላም ሥፍራው በክልሉ መንግሥት ሕጋዊ ዕውቅና አገኘ።

የዚህ ታሪክ ፋይዳ ለብስክሌት መንገድ ቀጥተኛ ነው። ገበሬው በጣሪያው ሣር ላይ ለዓመታት እጁን ሰብስቦ የጠበቀውን መሬት፣ እንግዳ በአንድ ቀን ጎማ እንዲከፍተው መጠየቅ ከባድ ጥያቄ ነው። መንገድ ደግሞ አንዴ ከተቀደደ የሚጠቀምበት ብስክሌተኛ ብቻ አይሆንም፤ ሞተር ብስክሌት ይከተለዋል። ስለሆነም ማለፊያው እንደ ሣሩ የሚከፈትና የሚዘጋ እንጂ የዘላለም መብት መሆን የለበትም። በክረምት፣ አፈሩ ረግረግ ሆኖ እያንዳንዱ የጎማ ፈለግ የውኃ መውረጃ በሚሆንበት ወቅት፣ መዘጋቱ ለድርድር የሚቀርብ አይደለም። ጭላዳዎች መንደሩ አጠገብ በሚሰማሩባቸው ቀናትም መዝጋት የሚችለው ጠባቂው ነው፤ ይህ ሥልጣን ከከተማ ለሚመጣ አስጎብኚ ድርጅት ቢሰጥ ቀድሞ የተከፈለው ገንዘብ መዝጋቱን ያዘገየዋል።

የማለፊያ ክፍያው ማን ኪስ ይገባል የሚለውም እንደ ዳገቱ አስቀድሞ መሰላት ይኖርበታል። የጎብኚ ገንዘብ በመንገድ ዳር ባለች ቀበሌ ብቻ ከቀረ፣ ሣሩን እኩል የሚጠብቁት ሩቅ ቀበሌዎች የመጠበቅ ምክንያታቸው ይሳሳል። የ1967ቱ ለውጥ ያስተማረው ይህንኑ ነው፤ መብቱ ለሁሉም ሲዳረስ ኃላፊነቱም አብሮ መዳረስ ነበረበት፣ ኮሚቴው የተቋቋመውም ያንን ክፍተት ለመሙላት ነው።

የመስክ ሥራው በጥቂት መሣሪያ ሊጀመር ይችላል፦ ተዳፋት መለኪያ፣ ርዝመት መለኪያ፣ አንድ ብስክሌት። መስመሩ ግን ቢያንስ ሁለት ጊዜ፣ በጥር እና በነሐሴ፣ መታየት አለበት። በጥር ጠንካራ መስሎ የሚታየው ሜዳ የትኛው በነሐሴ ጎማ እንደሚውጥ ከሳተላይት ምስል አይነበብም፤ በዚያ በኩል አህያ የሚነዱትን መጠየቅ ያስፈልጋል።