«ከ1,000 በታች ነው» ተብለዋል? ቁጥሩን ይጠይቁ



በውስጥ መስመር ደጋግሞ የሚደርሰኝ ጥያቄ አለ። «ዶክተር፣ የኤችአይቪ መድኃኒት ከጀመርኩ 12 ዓመቴ ነው። የአሁኑ ቫይራል ሎዴ 380 ነው። ከ1,000 በታች ስለሆነ ችግር የለውም አይደል?»

አትደንግጡ፤ ግን ዝም ብላችሁም አትለፉት።

ድሮ መስመሩ 1,000 ነበር። ከዚያ በታች ከሆነ «ጥሩ ነው» ተብሎ ወደ ቤት። አሁን ከ50 በታች የሆነውንና ከ50 እስከ 1,000 ያለውን ለይተን ነው የምናየው። ምክንያቱም ቫይረሱ መድኃኒት ባለበት ደም ውስጥ ትንሽ ትንሽ እየተራባ ከቆየ መድኃኒቱን ሊላመደው ይችላል። ዶሉቴግራቪርን መላመድ ከድሮዎቹ ኔቪራፒንና ኢፋቪሬንዝ ይልቅ ይከብደዋል፤ አይችልም ማለት ግን አይደለም።

አንዳንዴ ቁጥሩ ለአንድ ጊዜ ብቻ ብቅ ብሎ ይጠፋል። ስለዚህ አንድ ውጤት ብቻ አይቶ መድኃኒት መቀየር የለም። መጀመሪያ አወሳሰዱ ይታያል፣ ከ3 ወር በኋላ ምርመራው ይደገማል። ቀጠሮው እንዳያልፋችሁ!

አወሳሰድ ስል «ረሳህ ወይ?» ብቻ አይደለም። ከደብረ ታቦር፣ ከፋርጣ፣ ከጋይንት ለሰሊጥ ሥራ ወደ መተማና ሁመራ የሚወርድ ሰው መድኃኒቱ እዚያ ሊያልቅበት ይችላል። ከመሄዳችሁ በፊት ለነርሷ ንገሯት፤ ለወራት የሚበቃ ትሰጣችኋለች። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ሰዓቱን ማታ ማድረግ ይችላል። ጠበል ለሚገቡም፦ አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ ጠበልና መድኃኒት አብረው እንደሚሄዱ በአደባባይ ተናግረዋል። የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ እንጂ በራሳችሁ አታቋርጡ።

ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ ይኼ ነው፦ የጨጓራ ሽሮፕ፣ ካልሲየም፣ ለነፍሰ ጡር የሚሰጠው የብረት ክኒን ዶሉቴግራቪር በደንብ ወደ ደም እንዳይገባ ያደርጋሉ። ዶሉቴግራቪሩን ከእነሱ 2 ሰዓት ቀድማችሁ ወይም 6 ሰዓት ቆይታችሁ ውሰዱ። የቲቢ መድኃኒት የጀመራችሁም ለሐኪማችሁ ንገሩ፤ መጠኑ መስተካከል አለበት።

«ለባለቤቴ አስተላልፋለሁ?» ለምትሉ፦ የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እንዳስታወቀው ቫይረሱ በምርመራ የማይታይ ከሆነ በግንኙነት የመተላለፍ ዕድሉ ዜሮ ነው፤ ከ1,000 በታች ከሆነ ደግሞ ወደ ዜሮ የተጠጋ።

በሚቀጥለው ቀጠሯችሁ «ጥሩ ነው» ከተባላችሁ «ስንት ነው?» በሉና ቁጥሩን ከነቀኑ ስልካችሁ ላይ መዝግቡት።