መልካቸው አንድ፥ ባሕርያቸው ሁለት

በግዕዝ ቋንቋ «ሰአለ» ማለት ለመነ ነው፤ «ሠዐለ» ማለት ግን ሥዕል ሣለ ነው። በጆሮ ብቻ ለሚሰማ ሰው ሁለቱ ቃላት አንድ ይመስላሉ፤ ፊደሉን ለይቶ ለሚመለከት ግን ትርጓሜያቸው እጅግ የተራራቀ ነው። ስለዚህ የቤተ ክርስቲያን መምህራን ደቀ መዝሙሩ ፊደልን ከፊደል እንዲለይ በብዙ ትጋት ያስተምሩታል። እግዚአብሔር በፈጠረው ዓለም ውስጥም እንዲሁ መልካቸው አንድ ሆኖ ባሕርያቸው የተለየ ብዙ ነገሮች አሉ። ልጆች ሆይ፥ ዛሬ ከእነዚህ ሁለቱን እንመለከታለን።

የመጀመሪያው ኤታኖል ይባላል። ይህ እህል ወይም ማር ሲብላላ የሚገኘው አልኮል ነው፤ በጠላና በጠጅ፥ በአረቄም ውስጥ ያለው እርሱ ነው። ሁለተኛው ሜታኖል ይባላል። ቀድሞ እንጨትን በተዘጋ ዕቃ ውስጥ በማጋል ይወጣ ስለ ነበር የእንጨት አልኮል ተባለ፤ ዛሬ ግን አብዛኛው ከተፈጥሮ ጋዝና ከድንጋይ ከሰል በፋብሪካ ይሠራል። ይህን ፈሳሽ ሮበርት ቦይል የተባለው ሊቅ በ1661 ለይቶ አወጣው። ዱማና ፔሊጎ የተባሉ ሁለት የፈረንሳይ ሊቃውንትም በ1834 ከምን ከምን እንደ ተሠራ መርምረው አስታወቁ። በዚህ ትምህርት የተጻፉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሁለቱም ፈሳሾች እንደ ምንጭ ውሃ የጠሩ ናቸው፤ ሁለቱም ከውሃ ጋር ይዋሐዳሉ፤ ሁለቱም በእሳት ይነዳሉ፤ ሽታቸውም ይቀራረባል። ሜታኖል አንድ ካርቦን፥ አራት ሃይድሮጅንና አንድ ኦክሲጅን አለው። ኤታኖል ደግሞ ሁለት ካርቦን፥ ስድስት ሃይድሮጅንና አንድ ኦክሲጅን አለው። ሜታኖል በ65 ዲግሪ፥ ኤታኖል በ78 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። እነሆ፥ ልዩነታቸው እንደዚያ እንደ ፊደሉ ጥቂት ነው።

ነገር ግን በሰው ሰውነት ውስጥ የሚያደርጉት ሥራ አንድ አይደለም። ኤታኖል ያሰክራል፤ ሲበዛም ይጎዳል። ሜታኖል ግን ጥቂቱ እንኳ ክፉ መርዝ ነው። ጉበት ሜታኖልን መጀመሪያ ወደ ፎርማልዴሃይድ፥ ቀጥሎም ወደ ፎርሚክ አሲድ ይለውጠዋል። ይህ አሲድ የዓይንን ጅማት ይጎዳል። የጠጣውም ሰው በመጀመሪያ እንደ ሰከረ ብቻ ይመስለዋል። ብዙ ጊዜ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ካለፈ በኋላ ራሱን ያመዋል፥ ያስታውከዋል፥ ዓይኑንም እንደ ጉም ያለ ነገር ይጋርደዋል፤ ከዚያም ይታወራል ወይም ይሞታል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የዚህ መርዝ እውነት ግን አድሮ ሲጠራ ብዙ ጊዜ የሚያተርፍ አይገኝም። በ2001 በኤስቶንያ አገር በፓርኑ ከተማና በአካባቢው ሜታኖል እንደ መጠጥ ተሸጦ 68 ሰዎች ሞቱ። ስለዚህ ሜታኖል ጠጥቷል ተብሎ የሚጠረጠር ሰው ሕመሙ እስኪብስ ሳይጠብቅ ፈጥኖ ወደ ሐኪም ቤት ሊወሰድ ይገባል፤ ሐኪሞች ጉበት ሜታኖልን እንዳይለውጥ የሚከለክል መድኃኒት አላቸውና።

አንድ ቀን በማስተምርበት ክፍል፥ በሣጥን ውስጥ የስማቸው ወረቀት የተላጠ ሁለት ጠርሙሶች ተገኙ። አንደኛው ኤታኖል፥ ሁለተኛው ሜታኖል እንደ ነበሩ እናውቃለን፤ የትኛው የትኛው እንደ ሆነ ግን አላወቅንም። አንድ ተማሪ ተነሥቶ «የኔታ፥ በጣቴ ነክቼ ብቀምሰው እለየዋለሁ» አለኝ። እኔም «ልጄ፥ የማታውቀውን ነገር ምላስህ አይፈትነው፤ ዓይንህ ከጠፋ የሚተካልህ የለም» ብዬ ከለከልሁት። ከዚህ በኋላ በኬሚስትሪ መንገድ ፈተንናቸው።

ከእያንዳንዱ ጠርሙስ 10 ጠብታ ወስደን በሁለት ብልቃጥ ለየብቻ ጨመርን። በሁለቱም ላይ የአዮዲን ውሃ አፈሰስንባቸው፤ ቀጥሎም ቡናማው ቀለም እስኪጠፋ ድረስ የሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ውሃ በጠብታ በጠብታ ጨመርን። ብልቃጦቹንም ለብ ባለ ውሃ ውስጥ አቆምናቸው። ጥቂት ቆይቶ በአንደኛው ብልቃጥ ውስጥ ቢጫ ዝቃጭ ታየ፤ የሐኪም ቤት ሽታም ሸተተ። ይህ ዝቃጭ አዮዶፎርም ይባላል፤ ቀድሞ ሐኪሞች በቁስል ላይ ይነሰንሱት ነበር። ሁለተኛው ብልቃጥ ግን እንደ ጠራ ቀረ።

ምክንያቱ ይህ ነው። ከኤታኖል ሁለት ካርቦኖች አንዱ ሦስት ሃይድሮጅን ይዟል። አዮዲን በመጀመሪያ ኤታኖልን ወደ አሴታልዴሃይድ ይለውጠዋል፤ ቀጥሎም በሦስቱ ሃይድሮጅን ስፍራ ሦስት አዮዲን ይገባል፤ በመጨረሻም ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ያን ካርቦን ከጓደኛው ቆርጦ ይለየዋል፤ አዮዶፎርምም ይሆናል። ሜታኖል ካርቦኑ አንድ ብቻ ስለ ሆነ የሚቆረጥ ጓደኛ የለውም።

ያ ተማሪ ደስ ብሎት «እንግዲህ ቢጫ ያወጣ አልኮል ሁሉ ከመርዝ የነጻ ነው» አለ። መልስ አልሰጠሁትም፤ ነገር ግን ከሁለቱ ጠርሙሶች እኩል ወስጄ በሌላ ብልቃጥ ቀላቀልሁና «አሁንም ፈትን» አልሁት። ቢጫው ዝቃጭ እንደ ፊተኛው ወጣ። ልጁ ብልቃጡን እየተመለከተ ብዙ ጊዜ ዝም አለ። ከዚያም «የኔታ፥ መርዙ በውስጡ ሳለ ቢጫ ሆነ» አለኝ። እኔም እንዲህ አልሁት፦ «ፈተናው አልዋሸም። እኛ የጠየቅነው ኤታኖል አለን ብለን ነው፤ አለ ብሎ መለሰልን። ሜታኖል የለምን ብለን አልጠየቅነውም።» ደግሞም አሴቶን የሚባለው ፈሳሽ ኤታኖል ሳይሆን ይህንኑ ቢጫ ያወጣል።

ሜታኖል በድብልቅ ውስጥ እንዳለ ለማወቅ ሌላ ጥያቄ ያስፈልጋል። በላቦራቶሪ የተማሩ ሰዎች ፈሳሹን በአሲድ ውስጥ በፖታሲየም ፐርማንጋኔት ይለውጡታል፤ ሜታኖል ካለ ፎርማልዴሃይድ ይሆናል። የተረፈውን ፐርማንጋኔት ካጠፉ በኋላ ክሮሞትሮፒክ አሲድና ብርቱ ሰልፈሪክ አሲድ ጨምረው ያሞቁታል፤ ሐምራዊ ቀለም ከታየ ሜታኖል አለ ማለት ነው። ይህ አሲድ ሥጋን የሚያቃጥል ስለ ሆነ ተማሪ ብቻውን ሊሠራው አይገባም።

ልጆች ሆይ፥ ከዚህ ሁለት ነገር ተማሩ። አንደኛው፥ መልክን አይቶ መፍረድ እንደማይገባ ነው። ይህንስ ብዙዎች ያውቁታል። ሁለተኛው ግን የሚዘነጋ ነው፤ መርምሮ አንድ መልካም ነገር ያገኘ ሰው ሁሉን መረመርሁ ብሎ እንዳይታበይ ነው። በአንድ ሰው ላይ አንድ በጎ ሥራ ብናይ ያ በጎ ሥራ እውነት ነው፤ ነገር ግን ያልጠየቅነውን አልመለሰልንም። አንድ ክፉ ሥራ ብናይበትም እንዲሁ ነው። ምስክር ስትሆኑ ያያችሁትን ብቻ ተናገሩ፤ ያላያችሁትን አትጨምሩበት።

ያ ተማሪ በዚያው ቀን ለሁለቱ ጠርሙሶች ስማቸውን በጥሩ ቀለም ጽፎ ለጠፈባቸው። በሜታኖሉም ላይ ማንም ሳያዝዘው «መርዝ» የሚል ቃል ጨመረበት።

ጥያቄ።
1. ኤታኖልና ሜታኖል በምን ይመሳሰላሉ? በምንስ ይለያሉ?
2. ሜታኖል የጠጣ ሰው ሕመሙን ወዲያው የማያውቀው ስለ ምንድር ነው?
3. ቢጫ ዝቃጭ ያወጣ ፈሳሽ ከመርዝ የነጻ ነው ልንል የማንችለው ስለ ምንድር ነው?
4. ስለ ባልንጀራህ ስትመሰክር ይህ ትምህርት ምን ያስተምርሃል?