ባሕር የሌለው ወደብ

ወደብ ሲባል ብዙዎቻችን ወዲያው ባሕር ትዝ ይለናል። ምጽዋን፣ አሰብን፣ ጅቡቲን እናስባለን። ወደብ ማለት መርከብ የሚቆምበት፣ ዕቃ የሚወርድበትና የሚጫንበት ቦታ ነው። ታዲያ ከባሕር እጅግ ርቆ፣ በአገራችን ምዕራብ ጫፍ አንድ ወደብ ነበር ቢባል ማን ያምናል? ግን ነበር። ቦታውም ሩቅ አይደለም። የክልላችን ዋና ከተማ ጋምቤላ ነው። በዚህ ትምህርት ጋምቤላን ስንጎበኝ ያየነውንና የተማርነውን እንነግራችኋለን።

1. ከመቲ ወደ ጋምቤላ

እኛ ከዩኒቨርስቲ ወደ መቲ ለማስተማር የዘመትን ተማሪዎች ነን። የቡና ለቀማው ካለቀ በኋላ፣ በየካቲት ወር፣ ከማታ ተማሪዎቻችን ሰባቱን ይዘን ተነሣን። ከሰባቱ መካከል አንድ አባትና ባለቤታቸው ነበሩ። ሁለቱም ፊደል የቆጠሩት ዘንድሮ ነው። እሳቸው ቀስ ብለው ያነባሉ። እሳቸው ግማሹን ሳይጨርሱ እማማ ጨርሰው ይቀመጣሉ።

ከመቲ ስንወጣ ማለዳው ይቀዘቅዝ ነበር። መንገዱ በጫካ ውስጥ ያልፋል። በትልልቁ ዛፍ ጥላ ሥር ቡና አለ፤ በዛፉ ላይ ደግሞ የማር ቀፎ ተሰቅሏል። የመዠንገር ወገኖቻችን ከዚህ ጫካ ጋር ስንት ዘመን እንደኖሩ ቀፎው ራሱ ይመሰክራል። እየወረድን ስንሄድ ግን ጫካው ሳሳ፣ ሜዳው ሰፋ፣ ሙቀቱም በረታ። መጀመሪያ ጋቢ ወለቀ፣ ቀጥሎም ኮት። ጋምቤላ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ያለች ቆላ ናት። «ልጆቼ፣ እዚህ አገር ሰው እንዴት አድርጎ ይተነፍሳል?» አሉ አባባ፤ ሁላችንም ሳቅን።

2. ባሮ

ከተማው የተሠራው በባሮ ወንዝ ዳር ነው። ባሮ ከኢሉባቦርና ከወለጋ ደጋ የሚወርዱ ብዙ ወንዞችን ሰብስቦ ወደ ምዕራብ ይፈስሳል። ድንበር ላይ ፒቦር የሚባል ወንዝ ይገናኘዋል። ከዚያ በኋላ ስሙ ሶባት ይሆናል። ሶባትም በዛሬዋ ደቡብ ሱዳን፣ ማላካል ከምትባል ከተማ አጠገብ ነጭ ዓባይን ይቀላቀላል። ነጭ ዓባይ ደግሞ ካርቱም ይደርሳል። ስለዚህ ጋምቤላ ላይ ውሃ ውስጥ የተጣለ ቅጠል፣ መንገድ ላይ ካልተያዘ ካርቱም ይገባል ማለት ነው።

እኛ የሄድነው በበጋ ስለሆነ ውሃው ጎድሎ ነበር። አሸዋው ወጥቷል። ልጆች ይዋኛሉ፣ ሴቶች ልብስ ያጥባሉ፣ አኝዋዎችና ኑዌሮች በታንኳ ዓሣ ይዘው ይመጣሉ። አምባዛና ቆሮሶ በዳርቻው ሲሸጥ አየን። «ይህ ነው መርከብ የሚሄድበት?» ሲሉ አንዱ ወጣት ጠየቁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ክረምት ነው። ደጋው ላይ ዝናብ ሲዘንብ ባሮ ይሞላል። መርከብ የሚመጣውም በዚያን ጊዜ ብቻ ነበር።

3. የመርከቡ ዘመን

ወደቡ ሥራ የጀመረው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1907 ነው። ያን ጊዜ ሱዳንን የሚገዙት እንግሊዞች ነበሩ። መርከቦቹ በእንፋሎት የሚሠሩ ሲሆኑ የሚያንቀሳቅሳቸውም የሱዳን ምድር ባቡር ነበር። ከጋምቤላ እስከ ካርቱም በውሃ 1,366 ኪሎ ሜትር ነው። መርከቡ ወደ ታች ሲሄድ ሰባት ቀን፣ ወደ ላይ ሲመለስ ግን ወንዙን እየታገለ ስለሚመጣ ዐሥራ አንድ ቀን ይፈጅበት ነበር።

ምን ይጭን ነበር? ዋናው ቡና ነው። ቆዳና ሰምም ነበረበት። ቡናው ከጎሬና ከአካባቢው ደጋ በበቅሎ፣ በአህያና በሰው ጫንቃ እየወረደ ይመጣል። መርከቡ ደግሞ ጨውና አቡጀዲ ያመጣል። የግሪክ ነጋዴዎች ሱቅና መጋዘን ከፍተው ነበር። ያንን ሁሉ ኩንታል በዚያ ሙቀት የተሸከመው ግን ወዛደሩ ነው። ስሙ በየትኛውም ደብተር ላይ አይገኝም።

መርከቡ ለምን ቀረ? አንደኛ፣ ከጅቡቲ የተነሣው ባቡር በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ገባ። ሁለተኛ፣ የመኪና መንገድ እየተሠራ ሲሄድ የምዕራቡ ቡና ፊቱን ወደ አዲስ አበባ አዞረ። ሦስተኛ፣ በሱዳን ደቡብ ጦርነት ተነሥቶ የወንዙን መንገድ አወከው። እንዲህ እንዲህ እያለ የመርከቡ ጩኸት ጠፋ።

እንዲህ ያለ ዕጣ የደረሰባት ጋምቤላ ብቻ አይደለችም። በታላቋ ብሪታንያ ሰሜን ስኮትላንድ የሚባል አገር አለ። በምሥራቅ ዳርቻው አንስትረዘር የምትባል ትንሽ የባሕር ዳር ከተማ ትገኛለች። ሕዝቧ የሚኖረው ሄሪንግ በሚባል ዓሣ ነበር። ወንዶቹ በጀልባ ያጠምዳሉ፤ ሴቶቹ ዓሣውን ሰንጥቀው በጨው በርሜል ውስጥ ይደረድራሉ። በኋላ ዓሣው ጠፋ። ከተማዋ ግን ዝም ብላ አልፈረሰችም። የድሮውን ጀልባ፣ መረቡንና በርሜሉን ሰብስባ በ1969 እ.ኤ.አ. የዓሣ አጥማጆች ሙዚየም ተከፈተባት። ዛሬ እንግዳ ያንን ለማየት ይመጣል። ጋምቤላም የወደቧን ታሪክ እንዲህ ብትሰበስብ የልጅ ልጆቻችን ስለ ወዛደሩ ያውቁ ነበር።

4. ወረቀቱ ምን ይላል?

በድሮው ወደብ አካባቢ፣ በማንጎ ጥላ ሥር አረፍን። እዚያም አንድ ጥያቄ ተነሣ። «እንግሊዞቹ ቦታውን በጉልበት ነው የወሰዱት?» የሚል ነው።

አይደለም፤ በውል ነው። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር የድንበር ውል ተፈራረሙ። የውሉ አራተኛ አንቀጽ ስለዚህ ቦታ ይናገራል። በባሮ ዳር፣ ኢታንግ አጠገብ፣ ለንግድ የሚሆን ቦታ ለሱዳን መንግሥት እንዲከራይ ይፈቅዳል። በኋላ የተመረጠው ቦታ ጋምቤላ ሆነ። አሁን ልብ ብላችሁ አንብቡ። ያ አንቀጽ አራት ነገር ይዟል።

ሀ/ ልኩን፦ በወንዙ ዳር ከ2,000 ሜትር አይበልጥም፤ ስፋቱም ከ400 ሄክታር አይበልጥም። 400 ሄክታር በድሮው ልኬት ዐሥር ጋሻ ያህል ነው።

ለ/ ሥራውን፦ ቦታው ለንግድ ነው።

ሐ/ የተከለከለውን፦ ለፖለቲካ ወይም ለጦር ሥራ አይውልም።

መ/ ማብቂያውን፦ ኪራዩ የሚጸናው ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ ብቻ ነው።

ዘመኑ አለፈ። ጣሊያን አገራችንን ወረረ፣ ተባረረም። እንግሊዞች ወደ ጋምቤላ ተመለሱ። ታኅሣሥ 22 ቀን 1948 ዓ.ም. ግን ሱዳን ነጻ ወጣች። የውሉ ማብቂያ ደረሰ ማለት ነው። በዚያው የፈረንጆች ዓመት፣ በ1956፣ ጋምቤላ ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰች። ውሉ በተጻፈ በ54 ዓመቱ መሆኑ ነው። ውሉን የፈረሙት ንጉሥ ከሞቱ ቆይተዋል። የጻፈውም ሰው ላይኖር ይችላል። የመጨረሻዋ መስመር ግን ቦታዋ ላይ ነበረች።

ይህን ስንናገር እማማ ዝም ብለው ወንዙን ያዩ ነበር። ከዚያ ወደ እኛ ዞሩና «ልጆቼ፣ የእኛስ ወረቀት ማብቂያ አለው?» አሉ። አባባ አንገታቸውን ደፉ።

5. ከተመለስን በኋላ

በማግሥቱ ማታ አባባ በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት ይዘው ክፍል መጡ። ከአራት ዓመት በፊት ለልጅ ሕክምና ገንዘብ ቸገራቸው። ያን ጊዜ የቡና ማሳቸውን ለአንድ ነጋዴ አከራዩ። ሲነገራቸው «ለሦስት ዓመት ነው» ተባሉ። ማንበብ ስለማይችሉ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አተሙ። እማማን የጠየቃቸው የለም። ሦስቱ ዓመት ካለፈ በኋላም ነጋዴው ቡናውን ለቀመ፤ ዘንድሮም ለቀመ።

እኛ ልናነብላቸው እጃችንን ስንዘረጋ እማማ ከለከሉን። «እኛው እናንብበው» አሉ። በፋኖስ ብርሃን፣ ቃል በቃል፣ ጣታቸውን እያስኬዱ አነበቡ። ሦስት ዓመት የሚል ቃል የለም። ያለው እንዲህ የሚል ነው፦ ተከራዩ ያወጣውን ገንዘብ ሠርቶ እስኪያገኝ ድረስ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ገንዘቡ ተመለሰ ብሎ የሚቆጥረው ማን ነው? ተከራዩ ራሱ ነው። እሱ አልሞላም ካለ መቼም አይሞላም።

ንጉሥና ታላቅ መንግሥት በተዋዋሉበት ወረቀት ላይ ማብቂያ ተጽፏል። በአንድ ገበሬ ወረቀት ላይ ግን ማብቂያ አልተጻፈም። ነገሩ በጣም አንገበገበን።

አባባና እማማ አብረው ነጋዴው ዘንድ ሄዱ። «ገና ነው» አላቸው። ከዚያ ወደ ሽማግሌዎች፣ ከዚያም ወደ ወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት አመለከቱ። ይህን ስንጽፍ ነገሩ አላለቀም። ማመልከቻውን ግን ሌላ ሰው አልጻፈላቸውም። እማማ ናቸው የጻፉት። ሁለት ፊደል ተሳስቷል፤ እኛም አላረምነውም፤ ይነበባልና።

6. ምን እናድርግ?

መሬት ከማከራየታችን በፊት እነዚህን እንጠይቅ።

ሀ/ የመሬቱ ስፋትና አዋሳኙ ተጽፏል?
ለ/ ኪራዩ የሚጀምርበትና የሚያልቅበት ቀን፣ ወርና ዓመት ተጽፏል? «እስኪያገኝ ድረስ» የሚል ቃል ቀን አይደለም።
ሐ/ በመሬቱ ላይ መብት ያላቸው ሁሉ፣ ሚስትም ባልም፣ ተስማምተዋል? በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 ይህን ያዝዝ ነበር፤ ውሉም እንዲመዘገብ ይጠይቅ ነበር። ከዚያ በኋላ በ2016 ዓ.ም. ሌላ አዋጅ ወጥቷል። ስለዚህ ከመፈረማችን በፊት ወረዳ ሄደን የዛሬውን ሕግ እንጠይቅ።
መ/ የውሉ ቅጂ በእጃችን ነው?
ሠ/ እስከ መጨረሻዋ መስመር አንብበናል?

አንብበን ያልገባን ነገር ካለ አናፍርም፤ እንጠይቃለን። የሚያቻኩለን ሰው ካለ ደግሞ «ነገ እመጣለሁ» ብለን ወረቀቱን ይዘን ወደ ቤት እንሂድ። ጣት አንዴ ቀለም ከነካ በኋላ ማሰብ ዘግይቶ ማሰብ ነው።

የቃላት ፍቺ

ውል፦ ሁለት ወገኖች ተስማምተው የሚጽፉት ግዴታ።
አንቀጽ፦ የአንድ ሕግ ወይም ውል ክፍል።
ሄክታር፦ ርዝመቱ 100 ሜትር፣ ወርዱም 100 ሜትር የሆነ መሬት።
ወዛደር፦ በጉልበቱ ሠርቶ በደመወዝ የሚኖር።

ጥያቄዎች

1/ መርከብ ወደ ጋምቤላ የሚመጣው በየትኛው ወቅት ነበር? ለምን?
2/ የጋምቤላ ኪራይ በ1948 ዓ.ም. ማብቂያው የደረሰው ለምንድን ነው?
3/ በአባባ ወረቀት ላይ የጎደለው ምንድን ነው?
4/ በቤታችሁ ያለ አንድ ወረቀት አምጡ፤ የመጨረሻውን መስመር ለክፍሉ ጮክ ብላችሁ አንብቡ።