ቤትዎን ከመሸጥዎ በፊት፦ የትኛው እድሳት ወጪውን ይመልሳል?

ውጭ አገር ሆነው አዲስ አበባ ያለዎትን ቤት ለመሸጥ ሲያስቡ ከቤተሰብም ከደላላም ቀድሞ የሚመጣው ምክር «ትንሽ ቢታደስ ጥሩ ዋጋ ያወጣል» የሚል ነው። ምክሩ ግማሽ እውነት አለው። ዋጋ የሚያወጣው እድሳት ገዢ ዋጋ ለመስበር ወይም ጥሎ ለመሄድ ምክንያት የሚያደርገውን ችግር የሚያስወግድ ነው። ባለቤቱ በሚኖርበት አገር አይቶ የወደደውን ማስገባት ግን ወጪውን እምብዛም አይመልስም። ስለዚህ ባለሙያ ከመጥራትዎ በፊት ቤቱን የሚገዛው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ይለዩ።

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ የሚሸጡት ቤቱን ነው፤ የቦታው የመጠቀም መብት አብሮ ይተላለፋል። በገበያው ግን ዋና መንገድ ዳር ያለ፣ ሰፊ ግቢ ያለው የቆየ ቪላ ዋጋው በአብዛኛው የሚቆረጠው በሰፈሩ፣ በካሬ ሜትሩና በካርታው ነው። ገዢው አፍርሶ ፎቅ ሊሠራበት ካሰበ አዲሱ ሴራሚክና የጂፕሰም ኮርኒስ ከፍርስራሹ ጋር ተጭነው ይሄዳሉ። ኮንዶሚኒየም ወይም አፓርታማ የሚገዛው ሰው ግን ሊኖርበት ወይም ሊያከራየው ነው፤ የመታጠቢያ ቤቱና የወጥ ቤቱ ሁኔታ በቀጥታ ይመለከተዋል። ለሁለቱም ገዢዎች አንድ ዓይነት እድሳት ማድረግ ገንዘብ ማባከን ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን ወረቀቱ ይስተካከል። ቤቱ በውርስ የመጣ ሆኖ ስሙ ካልዞረ፣ ግብር ካልተከፈለ፣ ወይም ያለፈቃድ የተሠራ ሰርቪስ ቤት ካለ፣ የትኛውም ቀለም አይሸፍነውም። በብድር የሚገዛ ሰው ደግሞ ባንኩ ሰነዱን ስለሚመረምር እዚያው ላይ ይቆማል። ቤቱን ለሚሸጥልዎ ሰው የሰጡትን ውክልናም ይመልከቱት፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2205 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል፤ «ንብረቴን ያስተዳድርልኝ» የሚል ጠቅላላ ውክልና አይበቃም። ሰፈሩ በመልሶ ማልማት ዕቅድ ውስጥ መግባት አለመግባቱንም ክፍለ ከተማው ድረስ ሰው ልከው ያጣሩ። በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ውስጥ የፈረሱትን ቤቶች ያየ ሰው ይህን ጥያቄ አይዘለውም።

ቀጥሎ የሚመጣው ውኃና መብራት ነው። ልምድ ያለው ገዢ ሳሎን ገብቶ ሶፋውን አያይም፤ ቀና ብሎ የኮርኒሱን ማዕዘን ያያል። እዚያ ቢጫ የውኃ ምልክት ካለ ቆርቆሮው እንደሚያፈስ ያውቃል፤ የጥገናውን ዋጋም በልቡ አብዝቶ ይገምታል። ቧንቧ ከፍቶ ግፊቱን ይሞክራል፣ የሽንት ቤቱን ውኃ ለቅቆ ፍሳሹ መውረዱን ያያል፣ ሴራሚኩን በጣቱ አንኳኩቶ ባዶ ድምፅ ይሰማ እንደሆነ ያዳምጣል። የሚያፈስ ጣሪያ፣ የተደፈነ ቱቦ፣ የተቃጠለ ሶኬት ማስተካከል ከአዲስ ካቢኔት በጣም ያነሰ ገንዘብ ይጠይቃል፤ የመደራደሪያ ምክንያቱን ግን ከገዢው እጅ ያወጣል። እርጥበቱን ሳያደርቁ ቀለም መቀባት ግን ክረምት ሲገባ ይጋለጣል፣ እምነትም ያሳጣል።

«ቤት በዓይን ነው የሚሸጠው» የሚል ተቃውሞ ይነሳል፤ ልክ ነው። ነጣ ያለ ቀለም፣ የጸዳ ግቢና የተስተካከለ በር ትንሽ ወጪ ናቸው፤ ያድርጓቸው። ከዚያ በላይ ያለው ግን ሌላ ስሌት ይፈልጋል። ሌላው ክርክር «ዶላር ስለምልክ እድሳቱ ይረክስልኛል» የሚለው ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ዶላርዎ ብዙ ብር ቢመነዘርም ሴራሚኩ፣ የመታጠቢያ ዕቃውና ገመዱ አብዛኛው ከውጭ የሚገባ ስለሆነ ዋጋው አብሮ ይወጣል፤ ቤቱን ሲሸጡ የሚቀበሉት ደግሞ ብር ነው። ሥራው በተጓተተ ቁጥር፣ ያውም ከሩቅ በስልክ እየተቆጣጠሩት፣ ትርፉ ይሳሳል።

ስለዚህ ከደላላው ኮሚሽን ጋር ግንኙነት የሌለው መሐንዲስ ቤቱ አሁን ባለበት ሁኔታና ከታደሰ በኋላ የሚያወጣውን ዋጋ ለየብቻ ይገምትልዎ። ልዩነቱ የእድሳቱን ወጪ፣ በእድሳቱ ወራት የሚያጡትን የኪራይ ገቢና ለመጓተት የሚተዉትን መጠባበቂያ ካልሸፈነ፣ ወረቀቱን አስተካክለው፣ ጣሪያና ቱቦውን ጠግነው ይሽጡት። የወጥ ቤቱን ምርጫ ለሚኖርበት ሰው ይተዉለት።